የድምፅ ተሰኪዎች የሙያ ቃላት፤ በሊኑክስ ላይ ከሚገጥሙ የአሠራር ችግሮች አንጻር

በድምፅ ቀረጻና ቅንብር ሙያ ዛሬ ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አብዛኞቹ በእጅ የሚዳሰሱ አይደሉም። ቀድሞ የአንድን ክፍል ግድግዳ ሞልተው ይደረደሩ የነበሩት፣ ድምፅን የሚያጎሉ፣ የሚያለዝቡ፣ የገደል ማሚቶ የሚጨምሩና ቃናን የሚለውጡ ሣጥኖች አሁን ትናንሽ ፕሮግራሞች ሆነው በኮምፒውተር ውስጥ ይኖራሉ። እነዚህ ትናንሽ ፕሮግራሞች «ፕለጊን» በሚል የእንግሊዝኛ ስም ይታወቃሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው እነርሱን ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ላይ ለመሥራት የሚነሡ ባለሙያዎች የሚገጥሟቸውን ችግሮችና፣ ችግሮቹ በአማርኛ ስያሜ ላይ የሚያስከትሉትን ጥያቄ ነው።

ከሥርዓተ ክወናዎች ሁሉ ሊኑክስን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ሊኑክስ በከተማችን የቀረጻ ክፍሎች ብዙ የተለመደ አይደለም። ነገር ግን ፕሮግራሙ ከነምንጩ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ፣ ተርጓሚው የማንንም አምራች ፈቃድ ሳይጠብቅ የአማርኛውን ቃል ራሱ አስገብቶ በመስኮቱ ላይ ሲሠራ ሊያየው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የግዕዝ ፍሮንትየር ፋውንዴሽን ግኖም የተባለውን የሊኑክስ ገበታ መልእክቶች ወደ አማርኛ መመለሱ ለዚህ አብነት ነው። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1980ዎቹ ማብቂያ ገደማ ያሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ደግሞ ከዚህ ሙያ ጋር የተላለፈ ነው፤ ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ቪኤስቲ የተሰኘውን የተሰኪ ሥርዓት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነበርና። ስለዚህ ተርጓሚው በዚህ ሙያ ውስጥ የሚመራው የጸና ዝርዝር የለውም፤ ዛሬ በአንድ መስኮት ላይ የሚጽፈው ቃል ነገ ሌሎች የሚከተሉት ይሆናል።

በመጀመሪያ የነገሩን ስም እንመልከት። «ፕለጊን» ለሚለው በአማርኛ የኮምፒውተር ጽሑፎች ውስጥ «ተሰኪ» የሚለው ቃል ሥራ ላይ ውሏል። ቃሉ ከ«ሰካ»፣ «ተሰካ» የወጣ ሲሆን፣ አወጣጡ «ተነባቢ»፣ «ተከፋይ»፣ «ተጠሪ» የሚሉት ቃላት የተከተሉት መንገድ ስለ ሆነ ለሰሚው እንግዳ አይሆንም። የቤት ሰው «ሶኬቱ ላይ ሰካው» ይላልና ሥሩም ከኤሌክትሪክ ጋር ዝምድና አለው። አሳቡ ራሱም ለሙዚቃችን አዲስ አይደለም። የበገና ሠሪ እንዚራ የሚባሉትን ቁራጭ ቆዳዎች አውታሮቹ በሚያርፉበት ቦታ ያስገባል፤ የበገናን ድምፅ የሚያነዝረውና ከክራር የሚለየው ይኸው ነው። ቆዳው ሲወጣ በገናው በገና መሆኑ አይቀርም፤ ድምፁ ግን ሌላ ነው። ተሰኪም ለድምፅ ይህንኑ የመሰለ አገልግሎት ይሰጣል፤ ገብቶ ይለውጣል፣ ሲወጣም ዋናው ፕሮግራም እንደ ነበረ ይቀራል።

ይሁን እንጂ «ተሰኪ» የሚለው ቃል የሚሰውረው አንድ ነገር አለ። በግድግዳ ላይ የተሰካ ዕቃ ቢበላሽ ግድግዳው አይፈርስም። የድምፅ ተሰኪ ግን በአብዛኛው የሚኖረው በዋናው ፕሮግራም ገላ ውስጥ ነው፤ አንድ ማኅደረ ትውስታ ይጋራሉ፣ በአንድ በር ይገባሉ፣ በአንድ በር ይወጣሉ። ተሰኪው ስሕተት ሠርቶ ሲወድቅ ዋናው ፕሮግራም አብሮት ይወድቃል፤ ያልተቀመጠ የቀኑ ቀረጻም እንደዚያው። የአዲስ አበባ ሰው ለዚህ ዓይነቱ ኑሮ የታወቀ ቃል አለው፤ «ደባል» ይለዋል። ደባል በሌላ ሰው ቤት የሚኖር፣ የራሱ መታወቂያ ያለው፣ ነገር ግን እሳት ቢያስነሣ ቤቱን ሁሉ የሚያቃጥል ነው። «ተሰኪ» አስቀድሞ ስለ ተሠራጨ ልንነቅለው አናስብም። ተርጓሚው ስለ አሠራሩ የማብራሪያ ጽሑፍ ሲጽፍ ግን «በደባልነት የሚኖር ፕሮግራም» ቢል ከማናቸውም ረጅም ሐተታ ይልቅ ነገሩን ያስረዳል።

ተሰኪውን ተቀብሎ የሚያኖረው ዋና ፕሮግራም በእንግሊዝኛ «ሆስት» ይባላል። ይህን ብዙዎች «አስተናጋጅ» እያሉ ይመልሱታል። እኛ አንስማማበትም። በዛሬው የከተማ አማርኛ አስተናጋጅ ማለት በምግብ ቤት ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያቀርብ ሰው ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ግን ትእዛዙ የሚመጣው ከዋናው ፕሮግራም ነው። ተሰኪው ራሱን አያስነሣም፤ ሲጠሩት ይነሣል፣ የተሰጠውን ድምፅ ሠርቶ ያስረክባል፣ ዳግመኛ እስኪጠሩት ድረስ ዝም ይላል። «ባለቤት» እንዳይባል በሰዋስው አንቀጹ የሚያርፍበትን ስም፣ በቤት ውስጥም ባልን ወይም ሚስትን ያመለክታል። «አሳዳሪ» የሚለው ቃል የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። አሳዳሪ ማለት የሚያስጠጋ፣ የሚቀልብ፣ የሚያዝዝም ነው፤ በሕግ ቋንቋም «ሞግዚትና አሳዳሪ» ሲባል ኃላፊነትን ይጨምራል። ስለዚህ ከዚህ በታች «አሳዳሪ» እያልን እንቀጥላለን።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንመጣለን፤ እርሱም ጊዜ ነው። ድምፅ በኮምፒውተር ውስጥ የሚኖረው በቁጥር ተቈርጦ ነው። በተለመደው አሠራር ለአንድ ሰከንድ 48,000 ናሙና ይወሰዳል። አሳዳሪው እነዚህን ናሙናዎች አንድ በአንድ ወደ ተሰኪው አይልክም፤ በአንድ ጊዜ 64 ወይም 128 ወይም 256 እያደረገ ይሰጠዋል። 256 ናሙና በዚህ ልክ 5.3 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። እንግዲህ ተሰኪው 5.3 ሚሊሰከንድ ሳይሞላ የተሰጠውን ሠርቶ መመለስ አለበት፤ በአንድ መዝሙር ላይ 20 ተሰኪ ቢኖር ያችኑ ጥቂት ጊዜ ለ20 ይካፈሏታል። አንዱ ቢዘገይ በድምጹ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ጆሮም ይህን እንደ ቅጭልታ ወይም እንደ ስንጥቅ ይሰማዋል።

በአንድ ጊዜ የሚሰጠውን የናሙና መጠን እንግሊዝኛው «ብሎክ» ይለዋል፤ የሚጠራቀምበትን ቦታ ደግሞ «በፈር»። በአማርኛ ሁለቱም «ቋት» እየተባሉ ሲጻፉ እናያለን። ቋት በወፍጮ ቤት ዱቄቱ የሚወርድበት ስለ ሆነ ለማጠራቀሚያው የተስማማ ነው። ነገር ግን «የመረጃ ቋት» በሚል አጠራር ለሌላ ነገር ተይዟል፤ በዚያም ላይ መጠንን አያመለክትም። ስለዚህ ለማጠራቀሚያው «የናሙና ቋት»፣ ለተሰጠው መጠን ግን «ስፍር» እንዲባል አሳብ እናቀርባለን። እህል ሻጭ በቁና ሰፍሮ ይሰጣል፤ ሰፍሮ የሰጠውም ልኩ የታወቀ ነው። «ባለ 256 ስፍር» ሲባል ሰሚው ወዲያው ያስተውላል። ከዚህም አንድ ሌላ ጥቅም ይገኛል። ተሰኪው ሳይደርስ ቀርቶ በድምጹ ውስጥ ክፍተት ሲፈጠር የሊኑክስ ሰዎች «ኤክስረን» የሚሉትን፣ እኛ «የስፍር ጉድለት» ልንለው እንችላለን። «ስፍሩ ጎደለ» የሚለውን አነጋገር ለገበያ ሰው ማስተማር አያስፈልግም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መዘግየት ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ተርጓሚውን የሚያሳስተውም ይህ ይመስለናል። እንግሊዝኛው ሁለት ቃላት አሉት፤ «ሌተንሲ» እና «ዲሌይ»። የመጀመሪያው ማንም ሳይፈልገው የሚመጣ ነው፤ ድምጻዊው በማይክሮፎን ሲዘምር ድምፁ በኮምፒውተሩ አልፎ ወደ ጆሮው እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የ5.3 ሚሊሰከንድ መዘግየት ሁለት ሜትር ከማይሞላ ርቀት እንደ መስማት ነው፤ ይህ ብዙ አያስቸግርም። ወደ 30 እና 40 ሚሊሰከንድ ሲደርስ ግን ድምጻዊው ምቱን ይስታል። ሁለተኛው ቃል «ዲሌይ» ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ድምፁን ይዞ አቈይቶ እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልስ የታወቀ የተሰኪ ዓይነት ነው። ሁለቱም በአማርኛ «መዘግየት» ቢባሉ፣ መዘግየቱን ለማጥፋት የሚሻ የቀረጻ ሠራተኛ የሌላውን ማዞሪያ ነክቶ የዘፈኑን ውበት ያጠፋል።

መፍትሔውን ከሩቅ መፈለግ አላስፈለገንም፤ የግሣችን እርባታ ራሱ ይዞታል። «ዘገየ» የማይሻገር ግሥ ነው፤ ነገሩ በራሱ ይሆናል፣ አድራጊ አይጠየቅበትም። «አዘገየ» ግን ተሻጋሪ ነው፤ የሚያዘገይ፣ የሚዘገይም አለው። እንግዲያው «ሌተንሲ» «መዘግየት» ይሁን፤ «ዲሌይ» ደግሞ ሥራው «ማዘግየት»፣ መሣሪያው «ማዘግያ» ይባል። እንግሊዝኛው በሁለት ልዩ ቃላት የለየውን አማርኛ በአንዲት «አ» ለይቶታል። እንዲህ ያለ ዕድል በሙያ ቃላት ሥራ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝ ግን አዲስ ቃል ከመፍጠር ይልቅ እርሱን መያዝ ይበጃል። ይኸው መንገድ በሌላም ቦታ ይሠራል፤ «ጎላ» እና «አጎላ»፣ «ለዘበ» እና «አለዘበ» የሚሉትን ይመለከቷል።

ጊዜን የሚመለከት ሌላው አስቸጋሪ አነጋገር «ሪል ታይም» የሚለው ነው። ቃል በቃል «እውነተኛ ጊዜ» ተብሎ ሲመለስ አንባቢው ሐሰተኛ ጊዜ የቱ ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «ቅጽበታዊ» የሚለውም ፍጥነትን እንጂ ነገሩን አይናገርም። በዚህ ሙያ የሚፈለገው መፍጠን ብቻ አይደለም፤ በተባለው ሰዓት መድረስ ነው። በአማካይ እጅግ ፈጣን የሆነ፣ ነገር ግን ከሺህ አንድ ጊዜ የሚዘገይ ተሰኪ ለቀረጻ አይሆንም። በተቃራኒው ቀስ ያለ ሆኖ ቀጠሮውን ፈጽሞ የማያፈርስ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው «ሰዓት አክባሪ» እንለዋለን፤ «ሰዓት አክባሪ አሠራር» ብንል ከነትርጉሙ የመጣ ቃል ይሆናል። ሊኑክስ በመጀመሪያ የተሠራው ለዚህ አልነበረም። ሥራን ለብዙ ተገልጋዮች በፍትሕ ማካፈል ዋና ዓላማው ስለ ነበረ፣ የድምፅ ሥራ ልዩ ቅድሚያ እንዲሰጠው የሚያደርጉት ማሻሻያዎች ለረጅም ዘመን ከዋናው አስኳል ውጭ በጥገና መልክ ይያዙ ነበር። ወደ አስኳሉ ሙሉ በሙሉ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ይህ ሆኖም የተሰኪው ሠሪ ግዴታ አልቀለለም፤ ስፍሩ በእጁ ሳለ አዲስ ማኅደረ ትውስታ መጠየቅ፣ ከዲስክ ማንበብ፣ ወይም ሌላው የያዘውን ቁልፍ መጠበቅ አይፈቀድለትም። ከእነዚህ አንዱን ቢያደርግ መቼ እንደሚመለስ ማረጋገጫ የለውምና።

ለዚህም ሲባል ተሰኪው ሥራውን በሁለት ይከፍላል። አንዱ ድምፁን የሚሠራ ሰዓት አክባሪ ክፍል ነው፤ ሌላው መስኮቱን የሚሥልና የተጠቃሚውን እጅ የሚከታተል፣ ቢዘገይም የማይነቀፍ ክፍል ነው። እንግሊዝኛው እነዚህን «ትሬድ» ይላቸዋል። ብዙ ተርጓሚዎች «ክር» ይሏቸዋል፤ በሌላ ሙያ ይህ አይከፋም፤ በሙዚቃ ግን «ባለ ስድስት ክር» ሲባል ክራር ይታሰባል። ለዚህ ቃል ከጉለሌ መውጣት አላስፈለገንም። በሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው የሚሠሩበትና ሸማ የሚሸጥበት ሰፈር እንዳለ የታወቀ ነው። ለእንግሊዝኛው አንድ ቃል የሽመና ሙያ «ፈትል»፣ «ድር»፣ «ማግ»፣ «ልቃቂት» የሚሉ የየራሳቸው ቦታ ያላቸው ቃላት ያቀርባል። ተወጥሮ የሚቆመውና ቢበጠስ ሥራውን የሚያስቆመው ድር፣ በመወርወሪያ የሚመላለሰው ማግ ስለ ሆነ፣ የድምፁን ክፍል «ድር» የመስኮቱንም «ማግ» ማለት ያምራል። አምሮ ሳለ አንመክረውም። «ድር» በ«ድረ ገጽ» ተወስዷል፤ ደግሞም አንድ ተሰኪ ሦስትና አራት ክፍል ቢኖረው ምሳሌው ይፈርሳል። «ፈትል» ግን ለሁሉም ይበቃል፤ «የድምፅ ፈትል»፣ «የመስኮት ፈትል»፣ አራተኛም ቢመጣ እንዲሁ።

የሊኑክስ ልዩ ችግር ከሚባሉት ዋነኛው የሥርዓቶች መብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ላድስፓ የተባለው ቀላል የተሰኪ ደንብ ወጣ፤ መስኮት የሌለው ነበርና ማዞሪያዎቹን የሚሥለው አሳዳሪው ነበር። ኤልቪ2 ተተክቶለት ሰፋ። ቪኤስቲ በ2017 ለሊኑክስም ተፈቀደ፤ የቀድሞው ሁለተኛ እትሙ ግን በ2018 ከባለቤቱ እጅ ስለ ተቋረጠ አዲስ ሠሪ ሊገባበት አይችልም። በ2022 ቢትዊግና ዩ-ሂ የተባሉ ድርጅቶች ክላፕን አወጡ፤ በ2025 የቪኤስቲ ሦስተኛ እትም ፈቃድም ላላ። ሠሪው ከእነዚህ አንዱን ብቻ ቢመርጥ የሌላው አሳዳሪ ተጠቃሚ ይቀርበታል፤ ሁሉንም ቢይዝ ሥራው በአራት ይበዛል። በዚህ ላይ በአንዱ የሊኑክስ ስርጭት የተጠናቀረ ተሰኪ በዕድሜ ከእርሱ በሚበልጥ መሠረታዊ ቤተ መጻሕፍት ላይ አይነሣም፤ ሠሪዎቹ ሆን ብለው አሮጌ ስርጭት ፈልገው በእርሱ ላይ የሚያጠናቅሩት ለዚህ ነው። («ስርጭት» በሬዲዮ ሰዎች ዘንድ ሌላ ትርጉም ስላለው «የሊኑክስ» የሚለው ቅጽል እንዳይለየው አደራ እንላለን።) በመስኮት በኩልም እንዲሁ ነው። ተሰኪው መስኮቱን በአሳዳሪው መስኮት ውስጥ ማስገባት አለበት፤ ኤክስ11 የተባለው ቀደምት ሥርዓት ይህን ይፈቅድ ነበር። ተተኪው ዌይላንድ የአንዱን ፕሮግራም መስኮት በሌላው ውስጥ ለማስገባት እንደ ቀድሞው ያለ መንገድ አላዘጋጀም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ተሰኪዎች በመሸጋገሪያ በኩል በአሮጌው ሥርዓት ይሠራሉ።

«ነፃ ሶፍትዌር» የሚለውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እናንሣ። እንግሊዝኛው ዋጋ ያልተከፈለበትንና ነፃነት ያለውን በአንድ ቃል ስለሚጠራ ብዙ ሐተታ ይጽፍበታል። አማርኛ ግን «በነፃ የተሰጠ» እና «ነፃ የሆነ» ብሎ በአንድ መስተዋድድ ይለየዋል። ተርጓሚው «በ»ን በዘፈቀደ እንዳይጨምር ወይም እንዳይጥል እንለምናለን።

አሁን በተለይ የመዝገበ ቃላት ሠሪውን ወደሚመለከተው እንግባ፤ ይኸውም የፊደል ስፋት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የአጻጻፍ ሥርዓት አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የቪኤስቲ ሁለተኛ እትም ለአንድ ማዞሪያ ስም በደንቡ የሰጠው ቦታ 8 ባይት ነበር። «ድምፅ» የሚለው ቃል ራሱ ሦስት ፊደል ስለ ሆነ 9 ባይት ነው። ስለዚህ አይገባም። ቦታው ሲያልቅ ቃሉ በፊደል መካከል ይቈረጣል፤ የተቈረጠውም ፊደል የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታያል። ብዙ አሳዳሪዎች በተግባር ከደንቡ የሰፋ ቦታ ይሰጡ ነበር፤ ሆኖም በሰው ቸርነት ላይ የቆመ ትርጉም አስተማማኝ አይደለም። ክላፕ ለስም 256 ባይት ስለሚሰጥ እስከ 85 የግዕዝ ፊደል ይይዛል። የቪኤስቲ ሦስተኛ እትም በሌላ አጻጻፍ አንዱን ፊደላችንን እንደ አንድ ስለሚቈጥር ከ100 በላይ ፊደል ይገባበታል። ኤልቪ2 ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የተመቸ ነው፤ ለአንድ ማዞሪያ በየቋንቋው ምልክት እየተለየ ብዙ ስም እንዲጻፍ ይፈቅዳልና፣ አማርኛው፣ አፋን ኦሮሞው፣ ትግርኛው ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ይህም የሚጠቅመው አሳዳሪው ምልክቱን አንብቦ የሚያሳይ ሲሆን ነው።

ቦታ ሲጠብ የአማርኛ ጸሐፊ ወደ እዝባር ይሄዳል፤ «ት/ቤት»፣ «መ/ቤት» እያለ ያሳጥራል። በተሰኪ ውስጥ ግን ይህ ልማድ አደጋ አለው። ተጠቃሚው ያቀናበረውን ሲያስቀምጥ ስሙ የፋይል ስም ይሆናል፤ በሊኑክስ ደግሞ እዝባር አቃፊን ከአቃፊ የሚለይ ምልክት ነው። ስለዚህ «ቤ/ክ መዝሙር» ተብሎ የተሰየመ ቅንብር ሠሪው አስቀድሞ ካልተጠነቀቀ «ቤ» በሚባል አቃፊ ውስጥ ይፈለጋል፣ አይገኝምም። በነጥብ ማሳጠር ይህን ያድናል።

ሌላው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። «ድምፅ» እና «ድምጽ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ናቸው። «ሥ» እና «ስ»፣ «ሀ» እና «ሐ» እና «ኀ»፣ «አ» እና «ዐ» እንዲሁ። ሠሪው «ድምፅ» ብሎ የሰየመውን ተጠቃሚው «ድምጽ» ብሎ ቢፈልግ አያገኘውም። ስለ ሞክሼ ፊደላት በአገራችን የተደረገው ክርክር ረጅም እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ፤ በዚህ ጽሑፍ ልንፈርድበት አንሻም። የሙያ ቃላት ዝርዝር የሚያወጣ ሰው ግን አንዱን አጻጻፍ መርጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊጸናበት ይገባል።

ከስያሜ ጋር የሚምታታ አንድ ነገር ይቀራል፤ መለያ። እያንዳንዱ ማዞሪያ ለሰው የሚታይ ስም፣ ለአሳዳሪውም የሚታወቅበት መለያ አለው። ስሙ ቢለወጥ ማንም አይጎዳም። መለያው ቢለወጥ ግን ከዓመት በፊት የተቀመጠ ቀረጻ ሲከፈት ማዞሪያዎቹ ሁሉ ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ፤ ባለሙያው ብዙ ቀን የደከመበት ቅንብር ይጠፋል። ኤልቪ2 መለያ በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በታች ሰረዝ (_) ብቻ እንዲጻፍ ስለሚያስገድድ ተርጓሚውን ከስሕተት ይጠብቀዋል። በሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ ግን ስምና መለያ በአንድ ጽሑፍ ተዋሕደው ሊገኙ ይችላሉ። ተርጓሚው የሚተረጉመው ስምን ብቻ ነው፤ በመዝገበ ቃላት የመግቢያ ቃሉ ቢሻሻል የካርዱ ቁጥር እንደማይነካ ሁሉ ማለት ነው። ከዚህ ጋር የሚቀራረብ የታወቀ የሊኑክስ ችግር አለ። አንድ ተሰኪ የቋንቋ ልማድን ቢለውጥ ለቤቱ ሁሉ ይለውጠዋል። አስርዮሽን በነጠላ ሰረዝ በሚጽፉ አገሮች ይህ ሲሆን 0.5 ተብሎ የተቀመጠው ቁጥር 0 ሆኖ ይነበባል፤ ድምፁም ድንገት ይጠፋል። የአማርኛ ልማድ አስርዮሽን በነጥብ ስለሚጽፍ ከዚህ መከራ ድነናል፤ ደባልነት የተባለው ነገር ግን በዚህም ይታያል።

ስለ ሙዚቃው ራሱ ያሉት ቃላት አብዛኞቹ ከእኛው ዘንድ አሉ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በየዓይነታቸው ለመቃኘት የሚያስችል ተሰኪ ቢሠራ «መቃኛ» ከማለት ሌላ ስም አያሻውም፤ «ቅኝት» ስሙ፣ «መቃኘት» ሥራው ነው። እርግጥ በኮምፒውተር ውስጥ የተለመደው ቅኝት አንዱን ስምንት ድምፅ ለ12 እኩል የሚከፍል ሲሆን፣ የማሲንቆና የክራር ተጫዋች ጆሮ ሁልጊዜ በእነዚህ እኩል ደረጃዎች ላይ አያርፍም። ስለዚህ መቃኛው ደረጃዎቹን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሆን አለበት።

በመጨረሻ በብዙ ተሰኪዎች ፊት ላይ የሚገኙትን «ድራይ» እና «ዌት» የሚሉ ሁለት ቃላት እናንሣ። የመጀመሪያው ያልተነካውን ድምፅ፣ ሁለተኛው ተሰኪው የሠራውን ያመለክታል፤ ማዞሪያው ሁለቱን ያማጥናል። «ደረቅ» እና «እርጥብ» ተብለው ሲመለሱ ለአማርኛ ሰሚ የሚነግሩት የለም፤ ድምፅ በቋንቋችን አይረጥብም። ይበስላል እንጂ። «ጥሬ» እና «ብስል» የሚሉትን እናቀርባለን፤ ሁለቱ አብረው መነገራቸው የቆየ ነው፣ «ጥሬ ድምፅ» የሚለውም ገና ያልታረመ ቀረጻ መሆኑን ሰሚው በራሱ ይገምታል። በአሮጌው የ8 ባይት ደንብ «ጥሬ» በ6 ባይት ይገባል፤ «ብስል» ግን በአንዲት ባይት ምክንያት ይቈረጣል። ለዚያ ደንብ ሲባል ቃሉን ከመለወጥ «የበ.» ብሎ ከማሳጠርም ይልቅ፣ በአሮጌው እትም ላይ ማዞሪያውን «ጥሬ» ብቻ ብሎ በመሰየም ሲሞላ ጥሬ፣ ሲጎድል ብስል እንዲሆን ማድረግ ይቻላል።